የኋላ አክስል ሲቀየር የባሌስትራ መቀመጫውን መበየድ፣ ማዛወር ወይስ አለመንካት?

የሃይሉክስ ፒክአፕ የኋላ አክስል ሲጣመም ወይም የአክስሉ ቤት (ሻፍቶቹን የያዘው የውጭ ቱቦ) ሲሰነጠቅ ብዙ ባለንብረት መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርዶ «ለሃይሉክስ ይሆናል» የተባለ ያገለገለ አክስል ገዝቶ ይመጣል። የጎማው ስድስት ቡሎን ይገጥማል፤ ካርዳን ሻፍቱም ይታሰራል። ችግሩ የሚታወቀው አክስሉ ከባሌስትራው ስር ሲገባ ነው። ባሌስትራው የሚያርፍባቸው፣ ቱቦው ላይ የተበየዱ መቀመጫዎች ወደ ውስጥ ገብተው፣ ወደ ውጭ ወጥተው ወይም ጭራሹኑ ጠፍተው ይገኛሉ። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ አራት ነው፦ አክስሉን መልሶ ትክክለኛውን መፈለግ፣ አዲስ መቀመጫ መበየድ፣ የአሮጌውን አክስል መቀመጫ ቆርጦ ማዛወር፣ ወይም ሳይበየድ በቡሎን የሚታሰር መያዣ መጠቀም።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። ተመሳሳዩ አክስል ከተገኘ፣ ዋጋው ከፍ ቢልም እሱን ይግዙ። ካልተገኘ በልኩ የተሠራ አዲስ መቀመጫ ይበየድ። ቆርጦ ማዛወር ሁለቱም ሲያቅቱ ብቻ የሚኬድበት መንገድ ነው። በቡሎን የሚታሰረውን ለባሌስትራ አንመክርም። እዚህ የምንጽፈው ለማንኛውም ባለ ባሌስትራ መኪና ይሠራል፤ ልኬቱ ግን ከራስዎ መኪና ላይ መወሰድ አለበት።

ከመግዛት በፊት የሚለካው

ሜትርና ካሊፐር ይዘው ይሂዱ። መጀመሪያ የሚለካው ከግራ የጎማ መቀመጫ ፊት እስከ ቀኝ የጎማ መቀመጫ ፊት ያለው ስፋት ነው። ሁለት አክስሎች «የሃይሉክስ» ተብለው በስፋት ሊለያዩ ይችላሉ። ለምሳሌ በአሜሪካ ገበያ እ.ኤ.አ. በ1986 የፊት እግሩ ከድፍን አክስል ወደ ቶርሽን ባር ሲቀየር የኋላውም አክስል ወደ 75 ሚሊ ገደማ ሰፍቷል። ጎማው በየጎኑ ወደ 37 ሚሊ ወጣ ወይም ገባ አለ ማለት ነው፤ ከገባ ባሌስትራውን ሊነካ ይችላል።

ቀጥሎ የባሌስትራው የመሃል ቡሎን ካለበት ቦታ እስከ ሌላኛው የመሃል ቡሎን ያለውን ርቀት ይለኩ፤ ይህ ከመኪናዎ የሚወሰድ ልክ ነው። ከዚያ የአክስሉን ቱቦ ውፍረት (የውጭ ዲያሜትሩን) መቀመጫው በሚያርፍበት ቦታ በካሊፐር፣ የባሌስትራውን ቅጠል ስፋት (በሃይሉክስ በአብዛኛው 60 ሚሊ ነው) እና የዲፈረንሻሉን ሬሾ (ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ካርዳን ሻፍቱ ስንት ጊዜ እንደሚዞር) ያረጋግጡ። የመጨረሻው ብዙ ጊዜ ይረሳል። መኪናው አራቱም ጎማ የሚነዳ (ፎር ዊል ድራይቭ) ከሆነ የፊቱና የኋላው ሬሾ እኩል መሆን አለበት። ፊቱ 4.10 ሆኖ ኋላው 4.56 ከሆነ አራቱም ጎማ ደረቅ አስፋልት ላይ ሲታሰር ጊር ወይም ክሮቼራ (የካርዳን ሻፍቱን መጋጠሚያ) ይሰብራል፤ የብየዳው ጥራት ይህን አያድንም።

በባሌስትራ ፋንታ ሞላ (የተጠቀለለ ስፕሪንግ) ካለው መኪና የተፈታ አክስልም ይገጥማችኋል። የሁለተኛው ትውልድ ፎርራነር የኋላ አክስል የሞላ ነው፤ የሊንክና የፓናርድ ዘንግ (አክስሉን ከሻንሲው ጋር የሚያያዙ ዘንጎች) መያዣዎች እንጂ የባሌስትራ መቀመጫ የለውም። እንዲህ ያለው ሁለት ሥራ ይጠይቃል፦ የማያስፈልጉትን ቆርጦ ማለስለስ፣ ከዚያ አዲሱን መበየድ። ሲቆረጥ የግራይንደሩ ድንጋይ ቱቦው ውስጥ እንዳይሰርጽ ከመያዣው ሥር 2 ሚሊ ትተው ይቁረጡ፣ የተረፈውን በፍላፕ ዲስክ ያስተካክሉ። ቱቦው ላይ የቀረ የድንጋይ ጭረት በኋላ የስንጥቅ መነሻ ይሆናል።

አራቱ መንገዶች ሲነጻጸሩ

ተመሳሳዩን አክስል መግዛት ከፍተኛው የመነሻ ወጪ ነው፤ ግን የፒኞኑ (ካርዳን ሻፍቱ የሚታሰርበት የዲፈረንሻል ጊር) አንግል፣ የመቀመጫው ርቀት፣ የሾክ አብዞርበር መያዣውና የእጅ ፍሬን ገመድ መንገድ ሁሉ የፋብሪካ ነው። በግማሽ ቀን ይገጠማል። የብየዳውን ዋጋ፣ የበያጁን ቀን፣ አዲስ ዩ-ቦልት (ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስረውን) እና አዲስ ኦይል ሲል (ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደውን) ሲደምሩ ልዩነቱ ከታሰበው ያንሳል፤ ስለዚህ ሂሳቡን አክስሉ ላይ ብቻ አይሥሩ።

አዲስ መቀመጫ መበየድ ሁለተኛው ነው። መቀመጫው ከ6 እስከ 8 ሚሊ ውፍረት ካለው ተራ ላሜራ ይሠራል፤ ታጥፎ የሳጥን ቅርጽ ይይዛል፣ ሁለቱ ጎኖቹ የቱቦውን ክብ ይዘው ግማሽ ጨረቃ ይቆረጣሉ። እዚህ ላይ ጥራቱን የሚወስነው ክቡ ነው። መቀመጫው ቱቦው ላይ ሲቀመጥ ክፍተቱ ከ1.5 ሚሊ መብለጥ የለበትም። ክፍተቱ ከሰፋ በያጁ ቀዳዳውን ይሞላል፤ ከላይ ወፍራም የሚመስለው ብየዳ ከስር ባዶ ይሆናል፣ ሲቀዘቅዝም ብዙ ስለሚሰበሰብ ቱቦውን ያጣምማል።

አንድ ነገር አጥብቀን እንከለክላለን፦ ከተሰበረ ባሌስትራ ቅጠል መቀመጫ መሥራት። ቅጠሉ ጠንካራ ስለሆነ ጥሩ ይመስላል፤ ነገር ግን ካርቦኑ ከፍተኛ ስለሆነ ከብየዳው ጠርዝ አጠገብ እንደ ብርጭቆ ደርቆ ይሰነጠቃል። ስንጥቁ በዚያው ቀን ላይታይ ይችላል፤ ጭነት ተጭኖ ኮረኮንች መንገድ ላይ ነው የሚለቀው። የፌሮ ቁራጭም አይሆንም፤ የካርቦኑ መጠን የማይታወቅ ብረት ነው።

ከአሮጌው ቆርጦ ማዛወር ርካሽ ነው። መቀመጫው የፋብሪካ ስለሆነ የመሃል ቡሎን ቀዳዳው ልክ ነው፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ሆኖም ሁለቱ ቱቦዎች በውፍረት ከተለያዩ ክቡ አይገጥምም። የ64 ሚሊ ቱቦ መቀመጫ 70 ሚሊ ቱቦ ላይ ቢቀመጥ በጫፎቹ ብቻ ይነካል፣ መሃሉ ላይ ክፍተት ይተርፋል። በተጨማሪ ሲቆረጥ ጎኑ ይሳሳል፣ የቆየ ዝገትና የድሮ ብየዳ ይዞ ይመጣል። ቱቦዎቹ እኩል ከሆኑና ላሜራው በካሊፐር ሲለካ ከ5 ሚሊ ያላነሰ ከሆነ ማዛወር ይቻላል። ከዚያ ባነሰ አይሞክሩት።

በቡሎን የሚታሰረው መያዣ ለሾክ አብዞርበር ወይም ለፍሬን ቱቦ ጥሩ መፍትሔ ነው። ለባሌስትራ ግን አይሆንም። ነዳጅ ሲረገጥ አክስሉ በራሱ ዙሪያ ለመሽከርከር ይታገላል፤ ያንን ጉልበት የሚይዘው መቀመጫው ከቱቦው ጋር አንድ መሆኑ ነው። በቡሎን ብቻ የተያዘ መቀመጫ በጥቂቱ ይንሸራተታል፣ ፒኞኑ ወደ ላይ ይዞራል፣ ቀጥሎ ክሮቼራው ይሰበራል።

ምን ላይ ነው የሚበየደው?

የሃይሉክስ አክስል ቤት ከታተመ ላሜራ የተሠራ ነው፤ እምብርቱ (የዲፈረንሻሉ ጊሮች ያሉበት ክፍል) ከፊት በኩል በዳዶ ይታሰራል። ስለዚህ ቤቱ በሙሉ የሚበየድ ብረት ነው። ዳና 44ና ፎርድ 8.8 የሚባሉት አክስሎች ግን መሃላቸው የብረት ካስት (ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት) ነው፤ ቱቦዎቹ ተጨምቀው ገብተው በቀዳዳ ብየዳ ተይዘዋል። ካስቱ ላይ በተራ ኤሌክትሮድ መያዣ መበየድ የተለመደ ስህተት ነው፤ ብየዳው ይይዛል፣ ቀጥሎ ከጠርዙ ጋር ይላቀቃል። የግድ ካስቱን መንካት ካለብዎት ከ200 እስከ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማሞቅ፣ የኒኬል ኤሌክትሮድ መጠቀም፣ ከዚያ በደረቅ አሸዋ ወይም በሙቀት መከላከያ ጨርቅ ሸፍኖ ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ መተው ያስፈልጋል። የተሻለው መያዣውን ወደ ቱቦው ማስጠጋት ነው።

ቱቦው ላይም ቦታ አለ። ጭነት ሲኖር ጎማዎቹ ጫፎቹን ወደ ላይ ይገፋሉ፣ ባሌስትራው ደግሞ ወደ ታች ይጫናል፤ ስለዚህ የቱቦው ሆድ ይለጠጣል፣ ጀርባው ይጨመቃል። ብረት የሚሰነጠቀው በሚለጠጥበት በኩል ነው። ከቱቦው በታች፣ በሆዱ ላይ በአግድም የሚያቋርጥ ብየዳ አይኑር። ባሌስትራው ከአክስሉ በታች የሚታሰር ከሆነ ወይም የሾክ አብዞርበር መያዣ ከስር የሚገባ ከሆነ ብየዳውን በጎኖቹ ያድርጉና ዝቅተኛውን ነጥብ ባዶ ይተዉ።

6013፣ 7018 ወይስ ሚግ

በየጋራዡ የሚገኘው የብየዳ ኤሌክትሮድ 6013 ነው፤ በማንኛውም ማሽን ይቀጣጠላል፣ መልኩም ያምራል። ዘልቆ መግባቱ ግን ጥልቅ አይደለም። ለሾክ አብዞርበር መያዣ ይበቃል፤ ለባሌስትራ መቀመጫ 7018ን እንመርጣለን። ጥንካሬው 70,000 ፒኤስአይ ሲሆን የ6013 60,000 ነው። ከዚያ ይልቅ ዋናው ጥቅሙ ሃይድሮጅኑ አነስተኛ መሆኑና ሲቀዘቅዝ የመሰንጠቅ ዕድሉ መቀነሱ ነው።

ይህ ጥቅም የሚኖረው ኤሌክትሮዱ ደረቅ ከሆነ ብቻ ነው። በክረምት ፓኬቱ ተከፍቶ ጋራዥ ውስጥ የሰነበተ 7018 እርጥበቱን ጠጥቷል፤ ብየዳው ውስጥ ቀዳዳ ያስቀራል፣ ከ6013 የሚሻልበት ምክንያትም ይጠፋል። መመዘኛው ከ260 እስከ 430 ዲግሪ ባለው ምድጃ ውስጥ ቢያንስ ለሁለት ሰዓት ማድረቅ ነው። እንዲህ ያለ ምድጃ ከሌለ አዲስ፣ ያልተቀደደ ፓኬት ይግዙና ከተከፈተ በኋላ በአራት ሰዓት ውስጥ ይጨርሱት። 3.2 ሚሊ ውፍረት ያለውን ከ100 እስከ 130 አምፔር፣ በዲሲ፣ መያዣው ፖዘቲቭ ሆኖ ይሠሩበት። የቆየው የኤሲ ትራንስፎርመር ማሽን ብዙ ጊዜ 7018ን በደንብ አያቀጣጥልም፤ ትንሹ ኢንቨርተር ይሻላል።

ሚግ (ሽቦው ከማሽኑ በራሱ የሚወጣበትና በጋዝ የሚሸፈን ብየዳ) ፈጣን ነው፣ ቅርፊት መቀጥቀጥ የለበትም፣ በትክክለኛ እጅ ከሦስቱ ያነሰ ሙቀት ይሰጣል። አደጋው ማሽኑ ሲያንስ ይመጣል። 140 አምፔር የሚል ማሽን 6 ሚሊ ብረት ላይ ሲሠራ ሽቦው ይቀልጣል፣ ጌጠኛ መስመርም ይሠራል፤ ቱቦው ግን አልቀለጠም። ብየዳው ላዩ ላይ ተኝቷል። ለዚህ ሥራ ከ160 እስከ 200 አምፔር፣ 1.0 ሚሊ ሽቦ፣ አርጎን 80 በካርቦን ዳይኦክሳይድ 20 ወይም ንጹህ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስፈልጋል። ነፋስ ባለበት ግቢ ከሆነ ጋዙ ይበተናል፤ ያኔ ወደ ኤሌክትሮድ ይመለሱ። የመብራት ቮልቴጅ በሚወርድባቸው ሰዓታት ማሽኑ 130 ቢያሳይም ያን ያህል ላይሰጥ ይችላል። ስለዚህ በማንኛውም ማሽን ከዋናው ሥራ በፊት ተመሳሳይ ውፍረት ያላቸውን ሁለት ቁራጮች ይበይዱና በሞርሳ ይዘው በመዶሻ ይሰብሯቸው። ብየዳው ሳይላቀቅ ብረቱ ከታጠፈ ልኩ ተገኝቷል።

ይህ ሥራ ቲግን (በተንግስተን ዘንግ የሚሠራ ብየዳን) አይጠይቅም፤ ዘገምተኛ ስለሆነ ቱቦው ውስጥ የሚገባው ሙቀት ይበዛል።

አንግሉን መያዝ

ሥራው ሁሉ እዚህ ላይ ይደክማል ወይም ይሳካል፣ ስለዚህ ጊዜ ይስጡት። አሮጌው አክስል ከመውጣቱ በፊት መኪናው በጎማው ቆሞ፣ ደልዳላ መሬት ላይ ሳለ የጊር ሳጥኑን መውጫና የፒኞኑን ፍላንጅ አንግል በዲጂታል የዲግሪ መለኪያ ይለኩና ይጻፉ። በክሪክ ሻንሲው ተነስቶ ባሌስትራው ተንጠልጥሎ እያለ የሚወሰድ ልክ ዋጋ የለውም።

ሁለት ክሮቼራ ያለው ተራ ካርዳን ሻፍት ከሆነ የጊር ሳጥኑ መውጫና ፒኞኑ ሲነዳ ትይዩ መሆን አለባቸው፤ ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ አይብለጥ። በባሌስትራ መኪና ነዳጅ ሲረገጥ ፒኞኑ ወደ ላይ ስለሚነሳ ቆሞ ሳለ ከ1 እስከ 2 ዲግሪ ዝቅ ማድረግ ጥሩ ነው። ክሮቼራው በየጎኑ ከ3 ዲግሪ በላይ ታጥፎ የሚሠራ ከሆነ ንዝረትና ፈጣን መበላት ሊመጣ ይችላል። በላይኛው ጫፍ ድርብ ክሮቼራ ካለ ደንቡ ይለያል፤ ፒኞኑ በቀጥታ ወደ ሻፍቱ ያነጣጥራል፣ 1 ወይም 2 ዲግሪ ዝቅ ብሎ።

ስሌቱን ይመልከቱ። 64 ሚሊ ቱቦ ላይ 1 ዲግሪ ማለት በዙሪያው 0.56 ሚሊ ብቻ ነው። በጠመኔ ምልክት አድርጎ «ይቺ ጋ ነበር» ብሎ መበየድ ከ3 እስከ 4 ዲግሪ ስህተት በቀላሉ ያመጣል። ስለዚህ ዓይንን ሳይሆን መለኪያውን ይመኑ።

በጣም የሚሠራው ዘዴ መቀመጫዎቹ ባሌስትራው ላይ እንዲቀመጡ ማድረግ ነው። የመሃል ቡሎኑ ራስ በቀዳዳው ይግባ፣ ዩ-ቦልቶቹ በጣት ብቻ ይጠበቁ፣ መኪናው ክብደቱን አክስሉ ላይ ያሳርፍ። መቀመጫዎቹ ገና ስላልተበየዱ አክስሉ በክባቸው ውስጥ ይዞራል። መጀመሪያ ከሻንሲ ሐዲድ እስከ አክስሉ ጫፍ ፍላንጅ (ጎማው የሚታሰርበት ሳህን) ያለው ርቀት በግራና በቀኝ በ3 ሚሊ ውስጥ እኩል ይሁን። የዲፈረንሻሉ እምብርት ከመሃል ፈቀቅ ያለ ሊሆን ስለሚችል ለመሃል መለኪያ አይጠቀሙበት። ቀጥሎ ከሻንሲው የፊት ቀዳዳ እስከ ግራና ቀኝ ፍላንጅ በሰያፍ ይለኩ። ልዩነቱ 3 ሚሊ ከሆነ በ1400 ሚሊ ስፋት ላይ 0.12 ዲግሪ ያህል ነው፤ መኪናው ወደ ጎን እንዳይሄድ ከዚያ አይብለጥ። በመጨረሻ ክሪክ ከፒኞኑ ስር አስገብተው አንግሉን ይያዙ። መለኪያው ሲረጋ በየመቀመጫው ሦስት ወይም አራት ቦታ 10 ሚሊ የሚሆን ነጥብ ይምቱ።

የነዳጅ ታንኩ ለአክስሉ ቅርብ ስለሆነ ከነጥቡ በፊት መውረድ ወይም በእሳት መከላከያ ጨርቅ በደንብ መሸፈን አለበት፤ የባትሪው ኔጌቲቭም ይነሳ። ባሌስትራው ላይ የብየዳ ብልጭታ እንዳያርፍ በእርጥብ ጨርቅ ይሸፈን፤ ቅጠሉ ላይ የተነካ አንድ የአርክ ነጥብ በኋላ የሚሰበርበት ቦታ ይሆናል።

ከነጥብ ወደ ሙሉ ብየዳ

ሙሉው ብየዳ መኪናው ስር አይሠራም። አክስሉ ይውረድ፣ አክስል ሻፍቶቹና ኦይል ሲሎቹ ይውጡ፣ ዘይቱ ይፍሰስ፣ የአየር ማስተንፈሻው ክፍት ይሁን። ጎማ አክስሉ ላይ እያለ ሙቀት አይሰጥም፤ ውስጡ ያለው አየር ተስፋፍቶ ጎማው ሊፈነዳ ይችላል። ቱቦው እስከ ንጹህ ብረት ይቦረሽ። ቅባቱን ለማጠብ ክሎሪን ያለበትን የፍሬን ማጽጃ አይጠቀሙ፤ ትርፍራፊው ብየዳ ሲነካው ፎስጂን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይሆናል። አሴቶን ይሻላል፤ ግን ደርቆ ከጠፋ በኋላ ብቻ ይበየድ።

የማሽኑ መሬት መቆንጠጫ ከሚበየደው መቀመጫ አጠገብ፣ ቱቦው ላይ ይታሰር። ታምቡሩ ወይም ፍላንጁ ላይ ከታሰረ አሁኑ በኩሽኔታው ያልፋል፣ ኳሶቹን ይቧጭራል፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ የሚሰማው ጩኸት ከዚያ ነው።

ብየዳው በአንድ ጊዜ አይጨረስ። ከ25 እስከ 30 ሚሊ ይበይዱና ወደ ሌላኛው መቀመጫ ይሻገሩ፤ የመጀመሪያው በእጅ ሊነካ እስኪቻል ድረስ አይመለሱበት። ውሃ አይፈስበትም፤ በድንገት የቀዘቀዘ ብረት ይሰባበራል። የመስመሩ ጎን ከ5 እስከ 6 ሚሊ ይሁን። ጀምረው የሚያቆሙበት ነጥብ በመቀመጫው ሹል ጫፍ ላይ አይሁን፤ ትንሽ ወደ ውስጥ ጀምረው ጫፉን አልፈው ይጨርሱት።

ቱቦው ለምን እንደሚጣመም ካወቁ መከላከል ይቻላል። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፣ ቱቦውን ወደ ራሱ ይስባል። መቀመጫው ከላይ ከሆነ ጫፎቹ ወደ ላይ ይነሳሉ፣ የጎማው ራስ ወደ ውስጥ ያዘነብላል። ከፊት ለፊት የተበየደ መያዣ ደግሞ የጎማውን ፊት ወደ ውስጥ ያስገባል። ስለዚህ ከብየዳው በፊትና በኋላ በሁለቱ ፍላንጆች ላይ 1 ሜትር የሚሆን ቀጥ ያለ ብረት አስረው የፊትና የኋላ ጫፎቻቸውን ርቀት፣ ቀጥሎም ቁመው የላይና የታች ጫፎቻቸውን ይለኩ። ለውጡ እስከ 2 ሚሊ ከሆነ ይለፉት። ከዚያ በላይ ከሆነ በተቃራኒው በኩል አጭር መስመር በማሞቅ ወይም በፕሬስ ይስተካከላል። ሻፍቱ ሲመለስ በእጅ ገፍተው በቀላሉ ካልገባ ጫፉ ተጣሟል ማለት ነው፤ በመዶሻ አይምቱት። ከፊል ተንሳፋፊ አክስል ላይ ኩሽኔታው የመኪናውን ክብደት በሻፍቱ በኩል ስለሚሸከም ትንሹ መጣመም እንኳ በኦይል ሲል በኩል ዘይት ያፈሳል።

ከተገጠመ በኋላ

ዩ-ቦልቱ አዲስ ይሁን፤ አንዴ የተለጠጠ ክር ድጋሚ ሲጠብቅ አይይዝም። ዳዶዎቹን በሰያፍ፣ በአራት ወይም በአምስት ዙር፣ የሞዴልዎ መመሪያ በሚለው ቶርክ ያጥብቁ። ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላና ከ1000 ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና ይያዙ። የብየዳውን ጠርዝ ከቀለም በፊት በቀይ ማሳያ ቅባት መፈተሽ ይቻላል፤ ከሌለ በነጭ ቀለም በስሱ ይቀቡት። ነጭ ቀለም ላይ የዝገት መስመር ከታየ ስንጥቅ አለ፤ በላዩ ላይ መበየድ አያድንም። መስመሩን እስከ መጨረሻው በግራይንደር ቆፍሮ አውጥቶ፣ ቀሪ ስንጥቅ አለመኖሩን አይቶ፣ በ7018 መሙላት ነው። ስንጥቁ ወደ ቱቦው ራሱ ከዘለቀ ያ አክስል ለጭነት አይሆንም።